ከዋናው ጠባይ ጀርባ የቆመው

የአራቱን ጠባዮች መለያ ወረቀት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 40 መስመር አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር አራት ቃላት ተደርድረዋል፤ ይገልጸኛል የምትሉትን አንዱን ታከብቡና መጨረሻ ላይ ቁልቁል ትደምራላችሁ። እዚህ ጎንደር በጋብቻ ዝግጅት ትምህርት፣ በወጣቶች ሥልጠና፣ አንዳንዴም በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ይታደላል። ፎቶ ኮፒው ከመደጋገሙ የተነሳ የታችኞቹ መስመሮች የማይነበቡበት ቅጂም አጋጥሞኛል። የእኔ ውጤት ሜላንኮሊክ 17፣ ኮሌሪክ 14፣ ፍሌግማቲክ 6፣ ሳንጉዊን 3 ነበር። አሠልጣኙ "ከፍተኛውን ያዙ፣ እሱ ናችሁ" አለን። 17ቱን ይዤ 14ቱን፣ ሁለተኛ ጠባዬን፣ እዚያው ጥዬ ወጣሁ። የዚያን ቀን ስሕተት ለማረም ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ እኔው ራሴ ይህንን ወረቀት የማስሞላ ሰው ስለሆንኩ፣ የራሴን ታሪክ ሳላበዛ ሰው የት ላይ እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚያርመው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ስሞቹ። ግሪካዊው ሂፖክራተስ የሰው ጤና በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይቆማል ብሎ ነበር፤ በደም፣ በቢጫ ሐሞት፣ በጥቁር ሐሞትና በአክታ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ጌለን ፈሳሾቹን ከጠባይ ጋር አያያዛቸው። ደም የበዛበት ተጫዋችና ሰው ወዳድ ሳንጉዊን ተባለ፤ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡና ቆራጥ ኮሌሪክ፤ ጥቁር ሐሞት የበዛበት አሳቢና ጥንቁቅ ሜላንኮሊክ፤ አክታ የበዛበት ረጋ ያለ ፍሌግማቲክ። ፈሳሾቹን ሕክምና ከጣላቸው ቆይቷል፣ ስሞቹ ግን ቀሩ። ጎንደር ላይ ይህን ሳስረዳ ብዙ አልደክምም። የጉባኤ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተሠራ፣ እነዚህ ጠበኞችም በአንድ ሰው ውስጥ ታርቀው እንደሚኖሩ ሰምቷል። አራቱ ጠባዮችም ከጥንት ጀምሮ ለእነዚሁ ለአራቱ ነው የተሰጡት፤ ሳንጉዊን ለነፋስ፣ ኮሌሪክ ለእሳት፣ ሜላንኮሊክ ለመሬት፣ ፍሌግማቲክ ለውሃ።

ነገሩን ለእኔ የፈታልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1879 ላይፕዚግ ውስጥ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ የከፈተው ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት አራቱን በሁለት ጥያቄ ብቻ ለያቸው። ስሜትህ ምን ያህል ይበረታል? ምን ያህልስ ቶሎ ይለዋወጣል? ኮሌሪክ ይበረታበታል፣ ቶሎም ይለዋወጣል፤ ጮሆ ሲያበቃ ምሳ እንብላ ይላል። ሜላንኮሊክም ይበረታበታል፣ ግን አይለቀውም። ሳንጉዊን ቀለል ይለዋል፣ ቶሎም ያልፍለታል። ፍሌግማቲክ ቀለል ይለዋል፣ ለመቀየርም አይቸኩልም። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሜላንኮሊክና ኮሌሪክ በስሜት ብርታት ይገናኛሉ፣ ሜላንኮሊክና ፍሌግማቲክ በዝግታ ይገናኛሉ። ሜላንኮሊክና ሳንጉዊን ግን በምንም አይገናኙም፤ መሬትና ነፋስ ናቸው። ኮሌሪክና ፍሌግማቲክም እንደዚሁ እሳትና ውሃ ናቸው። ስለዚህ የብዙ ሰው ሁለተኛ ጠባይ ከዋናው ጋር በአንድ በኩል የሚነካካው ጎረቤቱ ነው። ወረቀቱ ተቃራኒውን ሁለተኛ አድርጎ ካወጣላችሁ ቶሎ አትመኑት። ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ የለበሳችሁት እንጂ የተወለዳችሁበት አይደለም።

ሁለተኛው ጠባይ ዋናውን እንዴት እንደሚያቀልመው ለማየት ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት የሚያህል የለም። አራት አምስት ተከራይ አንድ ቧንቧ የሚጋራበትን ግቢ አስቡ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ሁለት ሴቶች ቀድመው ይወጣሉ። ሁለቱም ሜላንኮሊክ ናቸው። ሁለቱም የመጀመሪያውን ደፍራሽ ውሃ ያፈሱታል፤ ሁለቱም ጀሪካኑን ሳያጥቡ አይቀዱም፤ ሁለቱም ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርገው ያጠብቃሉ። እስከዚህ ድረስ መንታ ይመስላሉ። ከዚያ አንደኛዋ "ይሄ ያልታጠበው የማን ነው? ከሰልፉ ይውጣ! እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ አንተ ባልዲህን አንሳ" ማለት ትጀምራለች። በግማሽ ሰዓት ግቢው ሁሉ ቀድቶ ይገባል፣ ጠዋት ግን የሚያኮርፋት ጎረቤት አይጠፋም። ሁለተኛዋ አንድ ቃል አትናገርም። የሰውን ቆሻሻ ጀሪካን ሳይቀር አጥባ ትሰጣለች፣ የራሷን መጨረሻ ትቀዳለች፣ ውሃው በመሃል ከተቋረጠ ባዶውን ይዛ ትገባለች። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሆዷ አይወጣም።

የመጀመሪያዋ ሜላንኮሊክ-ኮሌሪክ ናት፣ ሁለተኛዋ ሜላንኮሊክ-ፍሌግማቲክ። እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ነው፤ ነገሩ በወጉ ካልሆነ አይሆንላቸውም። ሁለተኛው ጠባይ የወሰነው ያ መከፋት ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ወደ ውጭ ትእዛዝ ሆኖ ይወጣል ወይስ ወደ ውስጥ ቅሬታ ሆኖ ይገባል። ሁለቱን "ሜላንኮሊክ" ብላችሁ አንድ ምክር ብትሰጧቸው አንደኛዋን ትጎዳላችሁ። ለመጀመሪያዋ "እስኪ ዝም በዪ" ማለት ይጠቅማት ይሆናል። ለሁለተኛዋ ያው ቃል መርዝ ነው፤ እሷ መናገር ነው የሚያስፈልጋት።

የእኔ ስሕተት የመጀመሪያዋ ዓይነት ሆኜ ሳለሁ እንደ ሁለተኛዋ ለመኖር መሞከሬ ነበር። "ዝምተኛ ነኝ፣ ለአስተባባሪነት አልፈጠርኩም" እያልኩ የመጣልኝን ኃላፊነት ሁሉ መለስኩ። ያልወጣው ትእዛዝ ግን የትም አልሄደም። የሌሎችን ሥራ በማጥላላት ይወጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ "ጥንቃቄ ነው" እለው ነበር። ያነቃኝ አንድ የለቅሶ ቀን ነው። የእድሩ ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲደረደር፣ ንፍሮው ሲቀርብ አንዱ ጓደኛዬ ጎኔ ቆሞ "አንተ ዝምተኛ ነኝ ትል አልነበር? ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንን የምታዝዘን አንተ ነህ እኮ" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሳላስበው ነው ያደረግኩት። ያን ማታ የድሮውን ወረቀት ፈልጌ 14ቱን አየሁት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ወረቀቱን ከሞላችሁ በኋላ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ጻፉና ልዩነታቸውን እዩ። አንደኛውና ሁለተኛው በሦስትና ከዚያ በላይ ከተራራቁ አንደኛው ዋናው ጠባይ ሳይሆን አይቀርም። ከሦስት በታች ከሆኑ የትኛው ዋና እንደሆነ ወረቀቱ አልነገራችሁም ማለት ነው፤ አትገምቱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራርበው ከመጡም እንደዚያው። ይህ ልኬት ከልምድ ያወጣሁት እንጂ የተጻፈ ሕግ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል። ከዚያ ወረቀቱን ደብቁትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሳታዩ በአዲስ ቅጂ እንደገና ሙሉ። ዋናው አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን አይለቅም። ቦታ የሚለዋወጡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ የተለዋወጡ ከሆነ ፍርዱን ለደብተሩ ተዉለት።

ደብተሩ የዋጋ ነገር አይደለም፣ ትንሽ ባለ መስመር ይበቃል። 14 ቀን ትጽፋላችሁ፤ በቀን አንድ ነገር ብቻ፣ የዚያን ቀን በጣም ያናደዳችሁን ወይም ያስደሰታችሁን። ሦስት ነገር ትመዘግባላችሁ፤ ምን ቀሰቀሰኝ፣ ለመመለስ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለቀቀኝ። ጊዜውን በቁጥር ጻፉት። "ቶሎ" አትበሉ፤ "ወዲያው"ም አይሠራም፤ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ቀን በሉ። ባጃጁ ሁለት ብር አስበልጦ ጠየቀ እንበል። እዚያው ተከራክራችሁ ማራኪ ሰፈር ሳትደርሱ ከረሳችሁት አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብላችሁ ከፍላችሁ እስከ ማታ ካብሰለሰላችሁት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሁለት ነገር ለዩ። ስሜቱ የቆየበት ጊዜ ዋናውን ያሳያችኋል፤ ስሜቱ የወጣበት መንገድ ሁለተኛውን። ሰው ይህን ያምታታዋል። አወጣጡን፣ ማለትም ጩኸቱን ወይም ዝምታውን አይቶ ዋና ጠባይ ነው ይላል።

ሌላው መለያ ድካም ነው። ሁለተኛው ጠባይ የሚጎላው ሰው ሲመቸው፣ ሥራውን ሲለምድ፣ ከማይፈራው ሰው ጋር ሲሆን ነው። ሲርበው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲታመም እየሳሳ ይሄድና ዋናው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ በደብተሩ ውስጥ የደከማችሁባቸውን ቀናት በኮከብ ምልክት ለዩዋቸው። የዐቢይ ጾም ሰሞን ደብተር የሞሉ ሰዎች ከሌላ ጊዜ ይልቅ ጥርት ያለ ውጤት ሲያመጡ አይቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ሆድ ብዙ አያስመስልም።

ሦስተኛው እርምጃ ሰው መጠየቅ ነው፤ ሦስት ሰው ይበቃል። አንድ ከቤት፣ አንድ ከሥራ፣ አንድ ከልጅነት የሚያውቃችሁ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ፈተና ይመጣል። እናትህን "እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" ብትላት "ጨዋ ነህ ልጄ፣ ምን ወጣህ" ትላለች፤ ምንም አልነገረችህም። "ስቆጣ ለስንት ቀን ነው የማኮርፈው?" በላት። "ኧረ እስከ እሑድ!" ትልሃለች፤ ያኔ አንድ መረጃ አገኘህ። ስም አታስመርጡ፣ ቀንና ድርጊት ጠይቁ።

ይሉኝታ ወረቀቱንም ያበላሸዋል። ሰው በአደባባይ ሲሞላ "ታጋሽ"፣ "ሰላም ወዳድ"፣ "ታዛዥ" የሚሉትን ያከብባል፤ አዳራሹ ሁሉ ፍሌግማቲክ ሆኖ ይወጣል። በተለይ ሴቶች ኮሌሪክነታቸውን፣ የቄስ ልጆች ደግሞ ሳንጉዊንነታቸውን ይደብቃሉ። በዚያ ላይ የትርጉሙ ጉዳይ አለ። አንዱ ቅጂ "ጽኑ" ያለውን ሌላው "ግትር" ይለዋል፤ "ተጫዋች" ያለውን ሌላው "ቧልተኛ" ይለዋል። ቧልተኛ ነኝ ብሎ የሚያከብብ ማን አለ? አንድ ኮሌሪክ ወይም አንድ ሳንጉዊን ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው እንዲህ ነው። እኔ ከማደሌ በፊት 40ውንም መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስድብ የሚመስለኝን ቃል ሁሉ "ይህ ማለት እንዲህ ነው" ብዬ በምሳሌ እፈታለሁ። ስም አታስጽፉ፣ ጎን ለጎን አታስቀምጡ፣ እጮኛሞችን በተለያየ ክፍል አስሞሉ። የቀረውን ስታደርጉ ታዩታላችሁ።

ቅደም ተከተሉ ለምን ያስጨንቀኛል? ሜላንኮሊክ-ኮሌሪክና ኮሌሪክ-ሜላንኮሊክ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ጠንቃቃ፣ ሁለቱም አዛዥ ናቸው። የሚለያቸው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ሰርግ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ዳሱ ገና አላለቀም። ኮሌሪክ-ሜላንኮሊክ ዳሱን ያሳንሰዋል፣ ጌጡን ይተወዋል፣ ሰርጉ በሰዓቱ ይጀመራል፤ ጥንቃቄው የሥራው አገልጋይ ነበር፣ ሥራው ሲያጣብቅ ተሰናበተ። ሜላንኮሊክ-ኮሌሪክ ግን ሌሊቱን ሰው ቀስቅሶ ጌጡን ያስጨርሳል። ትእዛዙ ያገለግል የነበረው "በወጉ ይሁን" የሚለውን ነው። የራሳችሁን ለማወቅ ያለፉ ሦስት ጥድፊያዎችን አስታውሱና የቱን እንደሰዋችሁ ጻፉ፤ ጥራቱን ወይስ ሰዓቱን? የተሰዋው ሁለተኛው ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። አራቱ ዋናዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሁለተኛ ሊኖራቸው ስለሚችል ጠቅላላው 12 ቅይጥ ነው። ሳንጉዊን-ኮሌሪክ ጨዋታውን ወደ ሥራ ይለውጠዋል፤ ማሳመንና ማስፈጸም አብረው ይሄዱለታል፣ ማዳመጥ ግን ይቸግረዋል። ሳንጉዊን-ፍሌግማቲክን ማንም አይጠላውም፣ ቀጠሮ ግን አትስጡት። ፍሌግማቲክ-ሜላንኮሊክ መዝገብ ቤት፣ ሒሳብ፣ ጥገና ላይ የሚገኘው ዝምተኛ ነው፤ ሥራው የሚታወቀው የለቀቀ ቀን ነው። ፍሌግማቲክ-ሳንጉዊን ለሽምግልና ይሆናል። እሳትና ውሃውን፣ ነፋስና መሬቱን፣ ማለትም ተቃራኒዎቹን ግን ረጋ ብላችሁ እዩ። እውነተኛው ኮሌሪክ-ፍሌግማቲክ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ኃይለኛ አባት ወይም አለቃ ሥር አድጎ ፍሌግማቲክነትን እንደ ጋቢ የለበሰ ኮሌሪክ ነው፤ ጋቢው የሚወልቀው ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱና ልጆቹ ላይ ነው። ደብተሩ ላይ ሥራ ቦታና ቤት ለየብቻ ሲጻፍ ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ የምፈራውን ስሕተት ደግሞ ልንገራችሁ። ጠባይን በሽታ ላይ አታልብሱ። "ሜላንኮሊክ ስለሆነ ነው" የሚለው አነጋገር ሰው አስጎድቷል፤ እኔም ራሴን በዚህ ስም አታልዬ የከረምኩበት ወቅት አለ። ጠባይ አብሮህ ያደገ ነው፣ ከዕለት ወደ ዕለትም ይብዛም ይነስም ያው ነው። ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ አብዛኛውን ቀን የሚውል ሐዘን፣ ይወዱት የነበረውን ሁሉ መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር ጠባይ አይደለም። የድባቴ ምልክት ነውና ሐኪም ይየው። ሞትን መመኘት ካለበት ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ይሂድ፣ ብቻውንም አትተዉት። ጸበል የሚጠመቅ ቢሆን ይጠመቅ፣ ግን የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ እንዳያቋርጥ።

ልኩንም ልናገር። ይህ ወረቀት ምርመራ አይደለም። የዛሬዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰውን በዓይነት ከመክፈል ይልቅ በአምስት መለኪያ ላይ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ማስቀመጥን ይመርጣሉ። እኔ የምጠቀምበት ለጭውውት መክፈቻ ነው፤ ለሥራ ቅጥር፣ ለመሪ ምርጫ፣ ወይም "ይህቺን አታግባ" ለማለት የሚጠቀምበትን ሰው አልደግፍም። "አመልህን በጉያህ፣ ስንቅህን በአህያህ" ያለው አባባልም የሚሠራው አመሉን ለይቶ ላወቀ ነው። "ኮሌሪክ ነኝ፣ ምን ላድርግ" ብሎ ሚስቱ ላይ የሚጮህ ሰው ሲገጥመኝ ሁለተኛውን እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ አያውቀውም። መታገያው ግን ያለው እዚያ ነው፤ ኮሌሪክ-ሜላንኮሊክ ከሆነ "ጻፈውና ማታ ንገራት" ይሠራለታል፣ ኮሌሪክ-ሳንጉዊን ከሆነ መጻፉን አይችልም፣ ውጣና ሰው አግኝተህ ስቀህ ተመለስ ይሻለዋል።

ለእጮኛሞች ሥልጠና የምትሰጡ ካላችሁ፣ የውጤት ወረቀቱን ሥር እንዲህ አድርጉት። "ዋናው" የሚል አንድ መስመር፣ "ሁለተኛው" የሚል አንድ መስመር አስምሩ። የመጀመሪያውን ባለቤቱ ይሙላው። ሁለተኛውን ባዶ ተዉትና ወረቀቱን ለእጮኛው ስጧት፤ ደብተሩን አብራ ታንብብና እሷ ትሙላው። የእሷንም ለእሱ። አቦል ተጠጥቶ ቶና ሳይደርስ ክርክሩ ይጀመራል፤ በመሃል አትግቡ።